«ሲስተም የለም» ሲባል የቆመው ምንድን ነው? ስለ ሰርቨር አሠራርና ለድርጅቶች ስላለው ጥቅም

ባንክ ተሰልፎ ወይም ነዳጅ ማደያ በስልኩ ለመክፈል ሞክሮ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የከተማ ነዋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ተገልጋዩ የሚያየው ገንዘብ ከፋይዋን፣ ፊቷ ያለውን ስክሪንና እጁ ላይ ያለውን ስልክ ነው፤ ስክሪኑም ስልኩም በርተዋል፣ ምንም የሆኑ አይመስሉም። የቆመው ነገር ያለው ከዚያ ርቆ ነው፤ ሰርቨር የሚባለው ማሽን፣ በላዩ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ወይም ወደ እሱ የሚያደርሰው መስመር ነው። ሰርቨር በጨረታ ሰነድ፣ በሥራ ማስታወቂያና በየዓመቱ በጀት ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ሆኖም ገንዘቡን የሚፈቅዱት ኃላፊዎች ምን እየገዙ እንደሆነ በግልጽ የሚነግራቸው ሰው የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው።

ሰርቨር ምንድን ነው?

ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች በኔትወርክ የሚልኩትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ እንዲሰጥ የተመደበ ኮምፒውተር ነው። ጠያቂው ወገን፣ ማለትም የገንዘብ ከፋይዋ ኮምፒውተር ወይም በስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ፣ ክላየንት ይባላል። ኮምፒውተሩን ሰርቨር የሚያሰኘው የተሰጠው ሥራ ነው እንጂ መልኩ፣ መጠኑ ወይም ዋጋው አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልን ማሰብ ነገሩን ያቀልለዋል። ቶነር የሚፈልግ ሠራተኛ ራሱ ገብቶ ከመደርደሪያ አያነሳም፤ መጠየቂያ ሞልቶ በመስኮት ያቀርባል፣ ንብረት ጠባቂው የፈቀደውን ሰው ፊርማ ያያል፣ መኖሩን ከካርዱ ያረጋግጣል፣ ከቀሪው ላይ ቀንሶ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ሁሉም የሚስተናገደው ከአንድ መዝገብ ስለሆነ አንዱን ካርቶን ለሁለት ሰው መስጠት አይቻልም። ሰርቨርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያጣራል፣ የተፈቀደለትን ያያል፣ ከመዝገቡ ያገናዝባል፣ ለውጡን ይመዘግባል፣ መልሱን ይልካል። ልዩነቱ ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለብዙ መቶ ጠያቂዎች፣ ሌሊትና በዓል ሳይል ማድረጉ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ተራ ኮምፒውተርም ሊመደብ ይችላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የዓለምን የመጀመሪያ የድረ ገጽ ሰርቨር ሥራ ያስጀመረው ኔክስት በተባለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር። አላፊ አግዳሚው እንዳያጠፋበትም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት» የሚል፣ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፎበታል። ለሰርቨር ከሚወጣው ወጪ አብዛኛው እስከ ዛሬም ድረስ ይህችኑ ማሳሰቢያ ለማስከበር የሚከፈል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተራ ኮምፒውተር ይህን ያህል የሚወደደው ለምንድን ነው?

ለሥራው ተብሎ የተሠራ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ እንደ ሰፊ ትሪ ጠፍጣፋ ሆኖ ራክ በሚባለው የብረት መደርደሪያ ላይ በብሎን ይታሰራል። የመደርደሪያው ስፋት በመላው ዓለም 19 ኢንች ሲሆን ቁመቱ የሚለካው 4.45 ሴንቲ ሜትር በሆነ «ዩኒት» ነው፤ ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ «ባለ 2 ዩኒት» ተብሎ ሲጻፍ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው ማሽን ማለት ነው። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። የሰርቨር ክፍል ገብቶ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የማራገቢያዎቹን ጩኸት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ከሠራተኛ ጋር አብሮ ማስቀመጥ የማይመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ዋጋው የሚንረው በውስጡ ባለው ድርብ ነገር ነው። ከኋላው ሁለት የኃይል መቀበያዎች አሉት፤ አንደኛው ቢቃጠል ሁለተኛው ያለማቋረጥ ይቀጥላል፣ የተበላሸውም ማሽኑ ሳይጠፋ ተነቅሎ ይቀየራል። ከፊቱ የተደረደሩት ዲስኮች በእጅ ተስበው የሚወጡ ሲሆኑ ሬይድ በሚባለው ስልት የተቀናጁ በመሆናቸው አንዱ ቢሞት መረጃው ከሌሎቹ ላይ ይገኛል። ራሙ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዘው ክፍል፣ በውስጡ የሚፈጠርን ጥቃቅን ስህተት ራሱ ለይቶ የሚያርም ነው። በተጨማሪም የማሽኑ ዋና ክፍል ጠፍቶ እንኳ ባለሙያው ካለበት ሆኖ እንዲያስነሳው የሚያስችል ለብቻው የሚሠራ አነስተኛ መቆጣጠሪያ አለው። ፍጥነትማ ጥሩ የጨዋታ ኮምፒውተርም አለው፤ ገዢው የሚከፍለው አንድ ነገር ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም ነው።

ማሽኑ ብቻውን ግን አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የሚይዝ ዩፒኤስ፣ ጄኔሬተሩና ነዳጁ፣ ክፍሉን ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ እሳት ማጥፊያና ቁልፍ ያለው በር ያስፈልጋል። እነዚህ የተሟሉለትና ብዙ ሰርቨሮችን የያዘ ሕንፃ ወይም ክፍል ዳታ ሴንተር ይባላል።

አንድ ክፍያ ሲፈጸም ከጀርባው ምን ይካሄዳል?

ከሞባይል ባንኪንግ 500 ብር ለዘመድ ላክን እንበል። መተግበሪያው መጀመሪያ የባንኩን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉምለትን የዲኤንኤስ ሰርቨር ይጠይቃል። አድራሻውን ካገኘ በኋላ ጥያቄው ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደሚቀበለው ሰርቨር ይደርሳል፤ እሱም የይለፍ ቁጥሩን አጣርቶ የባንኩ ሕግና ስሌት ወዳለበት የአፕሊኬሽን ሰርቨር ያስተላልፋል። ይኸኛው ደግሞ የሒሳብ መዝገቡ የተቀመጠበትን የዳታቤዝ ሰርቨር «ቀሪ ሒሳቡ ይበቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚበቃ ከሆነ ከላኪው ላይ መቀነስና በተቀባዩ ላይ መደመር እንደ አንድ የማይነጣጠል ድርጊት ይፈጸማል፤ መቀነሱ ተሳክቶ መደመሩ ካልተሳካ ሁለቱም ይሰረዛሉ። በመጨረሻ አጭር መልእክት የሚልከው ሌላ ሰርቨር ለሁለቱም ስልኮች ያሳውቃል። ሁሉም ደህና ከሆነ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ከእነዚህ ሰንሰለቶች የትኛው እንደተበጠሰ አይነግረንም። የቅርንጫፉ የፋይበር መስመር በመንገድ ሥራ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ሌሎቹን ቅርንጫፎች እያስተናገደ ነው። የዳታቤዝ ሰርቨሩ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን በጥያቄ ብዛት ተጨናንቆም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ይሠራል፣ ነገር ግን መልሱ ከመድረሱ በፊት የመተግበሪያው የመጠበቂያ ጊዜ ያልቃል። የአጭር መልእክቱ ሰርቨር ብቻ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ገንዘቡ ደርሶም ላኪው እንዳልደረሰ አስቦ ሁለተኛ ሊልክ ይችላል። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ የከፈሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ መልእክት ሲዘገይ እንደገና ከመሞከር ቀሪ ሒሳብን ማየት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ሰርቨር ሳይቆምም ሊያጠፋ ይችላል። ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት አጋጣሚ የሚረሳ አይደለም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት አስታውቋል፤ ምክንያቱም ከሲስተም የጥገናና የማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገልጿል። በዚያች ሌሊት ጥያቄዎች ይደርሱ ነበር፣ መልስም ይሰጥ ነበር፤ የተሳሳተው «ይበቃል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ባንኩም ጉዳቱን ለመግታት አገልግሎቱን ራሱ ለሰዓታት ማቆም ግድ ሆኖበታል። ማሻሻያዎች በቅድሚያ በተለየ የመሞከሪያ ሰርቨር ላይ እንዲፈተሹ የሚጠየቀው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነው።

አነስተኛ ድርጅት ሰርቨር ያስፈልገዋል?

ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ሰርቨር እንዳላቸው ሳያውቁ ይጠቀሙበታል። በአገራችን በብዛት የሚሠራበትን ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እንውሰድ። ሦስት የሒሳብ ሠራተኞች ባሉት አስመጪ ድርጅት ውስጥ የኩባንያው ዳታ የሚቀመጠው በአንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በዋና ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ባለው ነው፤ የሁለቱ ባልደረቦች ኮምፒውተሮች ያንን ፎልደር በኔትወርክ ይከፍታሉ። ያ ኮምፒውተር በተግባር ሰርቨር ሆኗል፤ ግን ማንም እንደ ሰርቨር አይንከባከበውም። ሒሳብ ሹሙ አጥፍቶ ወደ ገቢዎች ከሄደ ሌሎቹ ደረሰኝ ማስገባት አይችሉም። አንዱ ሠራተኛ እየመዘገበ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ከማተሚያ ቤት የመጣ ፍላሽ ያመጣው ቫይረስም የሚያርፈው የድርጅቱ የበርካታ ዓመታት ሒሳብ ባለበት ማሽን ላይ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ የመጀመሪያው እርምጃ ውድ ማሽን መግዛት አይደለም። ዳታውን ማንም ተቀምጦ ወደማይሠራበት አንድ ኮምፒውተር ማዛወር፣ ዩፒኤስ ማድረግ፣ ፍላሽ እንዳይሰካበት መከልከልና በየቀኑ ቅጂ ማስቀመጥ ከችግሮቹ አብዛኞቹን ያስወግዳል። ሻጮች ይህን ቀድመው አይናገሩም።

ሁኔታው የሚለወጠው ሥራው ከአንድ ቦታ ሲወጣ ነው። መርካቶና ቦሌ ሁለት መደብር ያለው ነጋዴ የሁለቱን ክምችት በኤክሴል ይዞ ማታ ማታ በቴሌግራም የሚለዋወጥ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሁለት የተለያዩ እውነቶች ይኖሩታል፤ ቦሌ ያለው ሻጭ መርካቶ ከሰዓታት በፊት ያለቀውን ዕቃ «አለ» ብሎ ቀብድ ይቀበልበታል። የክምችት መዝገቡ በአንድ ሰርቨር ላይ ሆኖ ሁለቱም መደብሮች በቀጥታ ሲያነቡትና ሲጽፉበት ይህ ችግር ይጠፋል። ድርጅቶች ከሰርቨር የሚያገኙት ትልቁ ጥቅም ይህ አንድ መዝገብ ነው። ሌሎቹ ጥቅሞች የሚከተሉት ከእሱ ነው፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል በአንድ ቦታ መወሰን፣ ሠራተኛ ሲለቅ ፈቃዱን ወዲያው መዝጋት፣ የተሰረዘ ደረሰኝን ማን በስንት ሰዓት እንደሰረዘው ማወቅ፣ ፋይሎችን፣ የድርጅቱን ኢሜይልና ፕሪንተሮችን በጋራ መጠቀም።

ወጪውን ሲያሰሉ የማሽኑን ዋጋ ብቻ መያዝ የተለመደ ጉድለት ነው። ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሱት መሠረታዊ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ዊንዶውስ ሰርቨር ከራሱ ፈቃድ ሌላ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ የሚከፈል ፈቃድ አለው፤ ሊኑክስ የተባለውን ሌላውን ያለክፍያ መጠቀም ይቻላል፣ የሚያውቀውን ባለሙያ ደመወዝ ግን ይጠይቃል። ማሽኑን የሚከታተል ሰው ሳይቀጠር የተገዛ ሰርቨር ዋስትናው እስኪያልቅ ብቻ ያምራል።

ገዝቶ ማስቀመጥ ወይስ መከራየት?

ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው ማሽኑን ገዝቶ በራስ ግቢ ማኖር ነው። ሁለተኛው የራስን ማሽን ወስዶ በሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር ውስጥ የራክ ቦታ መከራየት ነው፤ አዲስ አበባ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉና ራክሲዮ የመሳሰሉ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ኃይሉ፣ ማቀዝቀዣውና ጥበቃው የእነሱ ኃላፊነት ነው። ሦስተኛው ማሽንም ሳይገዙ አቅም መከራየት ሲሆን ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው።

ክላውድ ከሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ የሌላ ሰው ዳታ ሴንተር ነው። የሚቻለውም አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እርስ በርስ የማይተያዩ ብዙ ሰርቨሮች ሆኖ እንዲሠራ በማድረግ ነው። እነዚህ ቨርቹዋል ሰርቨር ይባላሉ፤ ተከራዩ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሊከፍት፣ ሥራው ሲያልቅ ሊዘጋው ይችላል። አማዞን በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን አገልግሎት በሰዓት ሒሳብ ክሬዲት ካርድ ላለው ማንኛውም ሰው መሸጥ ሲጀምር ብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች ማሽን መግዛት አቆሙ። ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ የምዝገባ ሰሞን ብቻ ለሚጨናነቅ ተቋም ከዚህ የሚሻል የለም።

ለኢትዮጵያ ድርጅት ግን ሁለት ነገሮች ሒሳቡን ይለውጡታል። የመጀመሪያው ምንዛሬ ነው። የውጭ ክላውድ በየወሩ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ የዶላር ኪራዩ ሳይጨምር የብር ወጪው በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች በብር መሸጣቸው በዚህ ረገድ ያግዛል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ጀርመን ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ከአዲስ አበባ ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ አንድ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ገመዱ የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ቀጥታ አይደለም። ለድረ ገጽ ይህ አይታወቅም። በአንድ ጠቅታ ሃምሳ ጊዜ ዳታቤዝ ለሚጠይቅ የሒሳብ ሶፍትዌር ግን መዘግየቱ ተደማምሮ ሠራተኛውን ያማርራል።

የደንበኞችን ስም፣ ስልክና መታወቂያ የሚይዝ ድርጅት ሌላም የሚያየው አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃው የሚሰበሰብበትንና የሚጠበቅበትን መንገድ የሚደነግግ ሲሆን መረጃን ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ሰርቨሩ የት አገር ነው?» የሚለው ጥያቄ ውል ከመፈረሙ በፊት የሕግ ክፍሉም ጥያቄ ነው።

ሰርቨሩ ቢቃጠልስ?

መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ትልቅ የሰርቨር አከራይ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ቆሙ፣ በሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞችም መረጃቸውን ለዘለዓለም አጡ። ክላውድ ላይ መሆን በራሱ ዋስትና እንደሚሆን አስበው የነበሩት ናቸው ከሁሉ በላይ የደነገጡት።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው ሬይድም ከዚህ አያድንም። ሬይድ የሚከላከለው የዲስክ ብልሽትን ነው፤ ሠራተኛ በስህተት የሰረዘው ፋይል ከሁሉም ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፣ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቆልፋል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባለው ለብቻው የተቀመጠ፣ ወደ ትናንት ወይም ወደ ባለፈው ሳምንት ሊመልስ የሚችል ነው። ባለሙያዎች የሚከተሉት የታወቀ ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚል ነው። ቅጂው መኖሩም አይበቃም፤ በተለየ ማሽን ላይ ተመልሶ ተከፍቶ ካልታየ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። በየቀኑ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት እየመጣ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ የተገኘ ቅጂ በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመደ ታሪክ ነው።

«99.9 በመቶ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሰርቨር አገልግሎት ሻጮች ውል ላይ የሚያስቀምጡት ይህ ቁጥር ሰርቨሩ በዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ የሚገልጽ ነው። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይምሰሉ እንጂ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። 99 በመቶ ማለት በዓመት ሦስት ቀን ከግማሽ በላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው፤ 99.9 በመቶ ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፣ 99.99 በመቶ ደግሞ ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። እያንዳንዷ ተጨማሪ 9 ሁለተኛ ማሽን፣ ሁለተኛ መስመር፣ አንዳንዴም ሁለተኛ ሕንፃ ስለምትጠይቅ ዋጋው በፍጥነት ይንራል። የመደብር ክምችት መዝገብ አራቱን 9 አያስፈልገውም፤ የክፍያ ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል።

ትልልቆቹም አይድኑም። የካቲት 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የአማዞን ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማውጣት ያስገባው ትእዛዝ በስህተት ከታሰበው በላይ ብዙዎቹን በማውጣቱ የኩባንያው የፋይል ማከማቻ አገልግሎት በምሥራቅ አሜሪካ ለአራት ሰዓታት ገደማ ተቋርጧል። ስለ ብልሽቱ ለደንበኞች የሚያሳውቀው ገጽ ራሱ በዚያው አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ደህና ነው ይል ነበር።

ውሉ ላይ ከመቶኛው በታች በደቃቁ የተጻፈውንም ማንበብ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተነገረ የጥገና ጊዜ ብዙውን ጊዜ እንደ መቆም አይቆጠርም። አቅራቢው ቃሉን ሳይጠብቅ ሲቀር የሚሰጠው ካሳም በአብዛኛው ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ላይ የሚቀነስ ጥቂት በመቶ ነው፤ በቆመበት ሰዓት ያመለጠ ሽያጭ በዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም።